የሠራተኛ ማኅበራት የምርጫ ድጋፍ በአሜሪካ

የሠራተኛ ማኅበራት የምርጫ ድጋፍ ማለት አንድ የሠራተኛ ማኅበር በምርጫ ከሚወዳደሩ ዕጩዎች መካከል አንዱን ለይቶ አባላቱ ድምፃቸውን እንዲሰጡት በይፋ የሚመክርበት አሠራር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ይህ አሠራር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ዕጩን መደገፍ ሲሆን ሁለተኛው አባላት በመራጭነት እንዲመዘገቡ፣ ምርጫ ጣቢያ እንዲደርሱና ድምፅ እንዲሰጡ መርዳት ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዘመቻ ውስጥ ቢካሄዱም በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው፤ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። የድምፅ አሰጣጡ ምስጢራዊ በመሆኑ የማኅበሩ ድጋፍ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። አባላት ከመሪዎቻቸው ምክር ተቃራኒ የመረጡባቸው ምርጫዎችም ጥቂት አይደሉም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የመጀመሪያው ዘመን

የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን (ኤኤፍኤል) በ1886 ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ጎምፐርስ ነበሩ። ጎምፐርስ በሙያቸው ሲጋራ ጠቅላይ የነበሩ ሲሆን ማኅበራት ከአንድ ፓርቲ ጋር በቋሚነት እንዳይተሳሰሩ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በእሳቸው አመለካከት ሠራተኛው ማየት ያለበት የዕጩውን ፓርቲ ሳይሆን ለሠራተኛ ጥያቄ የሰጠውን ምላሽ ነው፤ ወዳጅ የሆነውን መደገፍ፣ ጠላት የሆነውን ደግሞ በድምፅ መቅጣት ይገባል። ይህ አቋም የአሜሪካን ማኅበራት በብዙ የአውሮፓ አገሮች ካሉት ይለያቸዋል። በአውሮፓ ማኅበራት የራሳቸውን የሠራተኛ ፓርቲ ሲያቋቁሙ በአሜሪካ ግን በነባሮቹ ሁለት ፓርቲዎች መካከል መምረጥ ልማድ ሆነ።

ፌዴሬሽኑ በ1906 የሠራተኞችን ቅሬታዎች ዘርዝሮ ለፕሬዚዳንቱና ለኮንግረስ አቀረበ። በ1908 ደግሞ መሪዎቹ ዴሞክራቱን ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያንን ቢደግፉም ብራያን ተሸነፉ። በ1924 ፌዴሬሽኑ ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች ውጭ የተወዳደሩትን የዊስኮንሲን ሴናተር ሮበርት ላ ፎሌትን ደገፈ። ላ ፎሌት ያሸነፉት በራሳቸው ግዛት ብቻ ነበር።

ሲአይኦ ፓክ

የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ኮንግረስ (ሲአይኦ) በ1930ዎቹ ከኤኤፍኤል ተለይቶ የወጣ ሲሆን በመኪና፣ በብረትና በጎማ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን በብዛት ያደራጀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በሰኔ 1943 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ ስሚዝ-ኮናሊ የተባለውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ የሥራ ማቆም አድማን ከመገደቡም በላይ ማኅበራት ከካዝናቸው ለፌዴራል ዕጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ሲአይኦ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የፖለቲካ ድርጊት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በአጭር ስሙ «ፓክ» ይባላል። የመጀመሪያው ሰብሳቢ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር መሪ የነበሩት ሲድኒ ሂልማን ናቸው።

ኮሚቴው ከአባላት በፈቃደኝነት የሚሰበሰብ ገንዘብ ከማኅበሩ ካዝና ለይቶ ያዘ፤ በ1944 ምርጫም መራጮችን እየመዘገበና ቤት ለቤት እየቀሰቀሰ ለሩዝቬልት ዳግም መመረጥ ሠራ። በኋላ ነጋዴዎች፣ የሙያ ማኅበራትና የተለያዩ ጥቅም ያላቸው ቡድኖች የተጠቀሙበት የፓክ አደረጃጀት መነሻው ይህ የሠራተኞች ኮሚቴ ነው።

ከውህደቱ በኋላ

ኤኤፍኤል በ1952 አድላይ ስቲቨንሰንን ደገፈ። በታኅሣሥ 1955 ሁለቱ ድርጅቶች ተዋህደው ኤኤፍኤል-ሲአይኦ ተመሠረተ፤ የፖለቲካ ክንፎቻቸውም «ኮፕ» በሚባል አንድ ኮሚቴ ሥር ተጠቃለሉ። ከዚያ ወዲህ ኮንፌዴሬሽኑ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ዕጩ ሲደግፍ ቆይቷል። ጎልቶ የሚታየው ልዩ ሁኔታ የ1972 ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ሚኒ ከዴሞክራቱ ጆርጅ ማክገቨርን ጋር ባለመስማማታቸው ኤኤፍኤል-ሲአይኦ ገለልተኛ ሆነ። በሥሩ ያሉ በርካታ ማኅበራት ግን በራሳቸው ውሳኔ ማክገቨርንን ደግፈዋል።

ድጋፍ የሚወሰንበት መንገድ

ድጋፍ የሚሰጠው በአንድ ሰው ፍላጎት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። በተለምዶ ማኅበሩ ለዕጩዎች ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይልካል። ጥያቄዎቹ ስለ ደመወዝ ወለል፣ ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ጡረታና ስለ መደራጀት መብት ይሆናሉ። በሥልጣን ላይ ያለ ዕጩ ከሆነ በምክር ቤት የሰጠው ድምፅ ይመረመራል። ቀጥሎ ኮሚቴ ዕጩዎቹን ጠርቶ ያነጋግራል፤ ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ለቦርዱ ወይም ለተወካዮች ጉባኤ ያቀርባል።

የሥልጣን ክፍፍልም አለ። ለከተማ ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩትን የአካባቢው የማኅበራት ምክር ቤት ይመለከታል፤ ለገዥነትና ለኮንግረስ የሚወዳደሩትን የግዛቱ ፌዴሬሽን፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትን ደግሞ የብሔራዊው ኮንፌዴሬሽን ቦርድ ያያል። በብዙ የግዛት ፌዴሬሽኖች ድጋፍ ለመስጠት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ ድምፅ ካልተገኘ ማኅበሩ «ድጋፍ የለም» ብሎ ያልፋል፤ አባል ማኅበራትም እንደየራሳቸው ይወስናሉ። አንዳንድ ማኅበራት ከውሳኔው በፊት የአባላቱን ሐሳብ በመጠይቅ ይሰበስባሉ፤ ሌሎች ግን ውሳኔውን ለቦርዱ ብቻ ይተዋሉ።

ሕግና ገንዘብ

የስሚዝ-ኮናሊ ክልከላ የጦርነት ጊዜ ሕግ ነበር። በ1947 የወጣው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ክልከላውን ቋሚ አደረገው፤ መዋጮን ብቻ ሳይሆን ለምርጫ ተብሎ የሚወጣ ወጪንም ጨመረበት። ሕጉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ሲአይኦ በባልቲሞር ለሚካሄድ የማሟያ ምርጫ ኤድዋርድ ጋርማትስን እንዲመርጡ አባላቱን በጋዜጣው ላይ መከረ። መንግሥት ማኅበሩንና ፕሬዚዳንቱን ፊሊፕ መሪን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 በሰጠው ውሳኔ ሕጉ ማኅበሩ ለራሱ አባላት በራሱ ጋዜጣ የሚሰጠውን ምክር እንደማይከለክል ተረጎመ። «ማኅበር ከአባላቱ ጋር ስለ ምርጫ መነጋገር ይችላል» የሚለው መርህ ለረጅም ጊዜ የማኅበራት የምርጫ ሥራ መሠረት ሆኗል።

በአሁኑ ሕግ መሠረት የገንዘብ ምንጮች በሁለት ይከፈላሉ፦

የአባልነት መዋጮ፦ ማኅበሩ በካዝናው ያለው ገንዘብ ነው። ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ሊሰጥ አይችልም። ከአባላት ጋር ለመነጋገር፣ መራጮችን ለመመዝገብና ከዕጩው ዘመቻ ጋር ሳይቀናጁ ለሚደረጉ ቅስቀሳዎች ሊውል ይችላል።

የፓክ ገንዘብ፦ አባላት በፈቃዳቸው ለይተው የሚሰጡት ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ዕጩዎችን የሚደግፍ ፓክ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር መስጠት ይችላል። ሠራተኛ ለፓክ አልሰጥም በማለቱ ሊቀጣ አይችልም።

በጥር 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሲቲዝንስ ዩናይትድ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የሰጠው ውሳኔ ለኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን ለማኅበራትም በር ከፍቷል። ቀድሞ ከመደበኛ ካዝና በሚወጣ ገንዘብ «እገሌን ምረጡ» ማለት የሚቻለው ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበር። ከውሳኔው በኋላ ግን የማኅበር ቀስቃሾች አባል ያልሆነውን ጎረቤት በርም ማንኳኳት ጀመሩ።

ሌሎች ሁለት ውሳኔዎች የማኅበራትን ገቢ የሚመለከቱ ናቸው። በ1988 በቤክ ጉዳይ፣ በግል ድርጅት የሚሠሩ አባል ያልሆኑ ሰዎች ከድርድርና ከውክልና ሥራ ውጭ ለፖለቲካ የሚውል ክፍያ እንዳይጠየቁ ተወሰነ። በሰኔ 2018 ደግሞ በጃነስ ጉዳይ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉ አባል ያልሆኑ ሠራተኞች ምንም ዓይነት ክፍያ ለማኅበሩ እንዲከፍሉ ሊገደዱ እንደማይችሉ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ተወሰነ።

አባላት ድምፅ እንዲሰጡ መርዳት

የአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ የሚካሄደው በኅዳር ወር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ ነው። ይህ ቀን በ1845 በወጣ ሕግ የተወሰነ ሲሆን የሥራ ቀን ነው። መራጩ ድምፅ ለመስጠት አስቀድሞ መመዝገብ ያለበትም በአብዛኞቹ ግዛቶች ራሱ ነው። ስለዚህ በፈረቃ ለሚሠራ፣ ሁለት ሥራ ላለው ወይም በቅርቡ ቤት ለቀየረ ሰው መምረጥ ቀላል ላይሆን ይችላል። ማኅበራት የሚሠሩት ሥራ በአብዛኛው በዚህ ክፍተት ላይ ያተኮረ ነው።

ምዝገባ፦ የማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ከመራጮች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ያልተመዘገበ ወይም አድራሻው የተለወጠ አባል ተለይቶ ቅጽ ይሰጠዋል።

መረጃ፦ የምርጫ ጣቢያ ቦታ፣ የምዝገባ ማብቂያ ቀን፣ ቅድመ ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜና የሚያስፈልግ መታወቂያ በበራሪ ወረቀት፣ በስልክና በአጭር መልእክት ይነገራል።

ከሥራ ባልደረባ ጋር መነጋገር፦ በሥራ ቦታ ያለው የማኅበር ተወካይ በዕረፍት ሰዓት አባላትን ያነጋግራል። ፈቃደኞች ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የአባላትን ቤት ያንኳኳሉ።

መጓጓዣ፦ በምርጫው ዕለት ተሽከርካሪ ለሌላቸውና ለጡረተኞች መኪና ይዘጋጃል።

ጊዜ፦ ሠራተኛ ለመምረጥ ከሥራ እንዲወጣ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። አንዳንድ ግዛቶች ግን አላቸው፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከሥራ ውጭ በቂ ጊዜ ለሌለው መራጭ እስከ ሁለት ሰዓት ደመወዝ ሳይቆረጥ ትፈቅዳለች። ማኅበራት ይህን በኅብረት ስምምነትም ያገኛሉ። የተባበሩት የመኪና ሠራተኞች ማኅበር በ1999 ከሦስቱ ትላልቅ የመኪና አምራቾች ጋር በተፈራረመው ስምምነት የፌዴራል ምርጫ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሆን አድርጓል።

እርዳታው ገደብ አለው። በፌዴራል ሕግ ሰው እንዲመርጥ ወይም እንዳይመርጥ ብሎ ገንዘብ መክፈል ወንጀል ነው፤ በሕጉ መሠረት ወደ ጣቢያ በመኪና ማድረስ ይቻላል፣ ለድምፁ ስጦታ መስጠት ግን አይቻልም። ሌላው ገደብ በ1982 በመራጮች መብት ሕግ ላይ የተጨመረው አንቀጽ 208 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው አብሮት ገብቶ ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ወገኖች ረዳት መሆን አይችሉም፦ የመራጩ አሠሪ ወይም ወኪሉ፣ እንዲሁም የመራጩ ማኅበር ኃላፊ ወይም ወኪል። ሕጉ በሠራተኛው ኑሮ ላይ ሥልጣን ያላቸውን ሁለቱን ወገኖች በእኩል ከድምፅ መስጫው ውጭ አስቀርቷቸዋል። ማኅበሩ አባሉን እስከ በር ይሸኛል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ውሳኔ የመራጩ ብቻ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ መራጮች

ይህ አንቀጽ አማርኛ ተናጋሪ አሜሪካውያንንም ይመለከታል። የመራጮች መብት ሕግ አንቀጽ 203 በተወሰኑ አካባቢዎች የምርጫ ወረቀት በሌሎች ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ ያዛል፤ ሆኖም የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ነው። አማርኛ በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአማርኛ የሚገኝ መረጃ የሚወሰነው በአካባቢ ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አካባቢ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያዳግተው መራጭ ልጁን፣ ዘመዱን ወይም ጎረቤቱን ይዞ መግባት ይችላል፤ የማኅበሩን ኃላፊ ግን አይችልም።

የኔቫዳ ምሳሌ

የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞችን የሚያደራጀው ኩሊነሪ ዩኒየን፣ በይፋ ስሙ ሎካል 226፣ በላስ ቬጋስ ካሲኖዎችና ሆቴሎች የሚሠሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ አባላት አሉት። አልጋ አንጣፊዎች፣ አስተናጋጆች፣ ወጥ ቤቶችና ሻንጣ ተሸካሚዎች በብዛት ይገኙበታል። አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ሲሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ የካሲኖና የሆቴል ሥራ ለስደተኞች ዋነኛ መተዳደሪያ ነው። ማኅበሩ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች ዜግነት እንዲያገኙ የሚረዳ ፕሮጀክት ከ2001 ጀምሮ አለው። መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ በመሆኑ ለብዙ አባላት የመጀመሪያው ደረጃ የመራጭነት ምዝገባ ሳይሆን የዜግነት ማመልከቻ ነው።

በማኅበሩ የኅብረት ስምምነት መሠረት አባላት የሥራ ቦታቸውን ሳያጡ ለምርጫ ሥራ ፈቃድ መውሰድ ይችላሉ። በእነዚህ ወራት ቤት ለቤት የሚሄዱት የማኅበሩ ቅጥር ሠራተኞች ብቻ አይደሉም፤ ሆቴል የሚያጸዱትና ምግብ የሚያቀርቡት አባላት ራሳቸው ናቸው። በ2022 የሴኔት ምርጫ ማኅበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሮችን እንዳንኳኳ አስታውቋል። ማኅበሩ የደገፋቸው ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ ያሸነፉት ከ8,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ማኅበር የድጋፍን ወሰንም አሳይቷል። በጥር 2008 በተካሄደው የኔቫዳ ዴሞክራቲክ ኮከስ ማኅበሩ ባራክ ኦባማን ደገፈ። በዚያ ዓመት የካሲኖ ሠራተኞች ከሥራ ቦታቸው ብዙ ሳይርቁ እንዲመርጡ በላስ ቬጋስ ዋና ጎዳና ላይ ልዩ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር፤ ጣቢያዎቹን ለማዘጋት የቀረበው ክስም በፍርድ ቤት ተቀባይነት አላገኘም። ውጤቱ ሲገለጽ ከዘጠኙ ልዩ ጣቢያዎች በሰባቱ ያሸነፉት ሂላሪ ክሊንተን ሆኑ። ጣቢያዎቹ ሠራተኞች እንዲመርጡ ረድተዋል፤ ብዙዎቹ ግን የመረጡት የራሳቸውን ምርጫ ነው።

የመሪዎች ምክርና የአባላት ድምፅ

በመሪዎችና በአባላት መካከል ያለው ልዩነት በተደጋጋሚ ታይቷል። ኤኤፍኤል-ሲአይኦ በጥቅምት 1983፣ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ገና ሳይጀመር፣ ዋልተር ሞንዴልን ደገፈ። ድጋፉ ሞንዴል የፓርቲያቸው ዕጩ እንዲሆኑ ረዳቸው። በ1984 ዋናው ምርጫ ግን ሞንዴል ከሚኒሶታና ከዋሽንግተን ዲሲ በስተቀር በሁሉም ተሸነፉ፤ የማኅበር አባል ካለባቸው ቤተሰቦች መራጮች መካከልም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሮናልድ ሬገንን መረጡ።

ድጋፍ የሰጠ ማኅበር ዋስትና እንደማያገኝ የሚያሳየው ደግሞ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (ፓትኮ) ታሪክ ነው። ፓትኮ በ1980 ሬገንን ከደገፉት ጥቂት ማኅበራት አንዱ ነበር። በነሐሴ 3 ቀን 1981 አባላቱ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ፕሬዚዳንት ሬገን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመለሱ አዘዙ፤ ያልተመለሱትን ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎችም አባረሩ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሠራተኞቹን የመወከል ዕውቅናውን አጣ።

በ2024 ምርጫ ኤኤፍኤል-ሲአይኦና የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ካማላ ሃሪስን ደገፉ። 1.3 ሚሊዮን ያህል አባላት ያሉት የቲምስተርስ ማኅበር ግን በመስከረም ወር ማንንም እንደማይደግፍ አስታወቀ፤ ይህ ከ1996 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ማኅበሩ ይፋ ባደረገው የአባላት መጠይቅ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ዶናልድ ትራምፕን፣ 34 በመቶው ሃሪስን መርጠዋል። ከዚያ በኋላ በሚሽጋን፣ በዊስኮንሲንና በኔቫዳ የሚገኙ የማኅበሩ ክፍሎች በየራሳቸው ሃሪስን ደግፈዋል።

ክርክሮች

ደጋፊዎች እንደሚሉት በድርድር የተገኘ መብት በአንድ ሕግ ሊሰረዝ ስለሚችል ማኅበር ሕግ አውጪውን ቸል ሊል አይችልም። ብዙ ገንዘብ ካላቸው ወገኖች ጋር ለመወዳደርም የሠራተኛው አቅም ብዛቱና ጊዜው ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ማኅበራት በአብዛኛው አንድ ፓርቲን ሲደግፉ በሌላ ፓርቲ የሚያምኑ አባላት መዋጮ ለማይፈልጉት ዓላማ ይውላል በማለት ይተቻሉ። ከማኅበራት ውስጥም ድጋፉ ቀድሞ ሲሰጥ ዕጩው ሠራተኛውን እንደማያጣው ቆጥሮ ይዘነጋዋል የሚል ወቀሳ ይሰማል።

የማኅበራት ተደማጭነት ከአባላት ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ከአሜሪካ ተቀጣሪ ሠራተኞች መካከል በ1983 የማኅበር አባል የነበሩት 20.1 በመቶ ሲሆኑ በ2024 ቁጥሩ 9.9 በመቶ ነበር።

በሌሎች አገሮች

በብሪታንያ ማኅበራት በ1900 የሌበር ፓርቲን በመመሥረት ተሳትፈዋል፤ ዛሬም በርካታ ማኅበራት የፓርቲው አካል ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ኮሳቱ ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) ጋር በጥምረት ይሠራል። የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር (ኑምሳ) በታኅሣሥ 2013 ለኤኤንሲ ድጋፍ እንደማይሰጥ ከወሰነ በኋላ በኅዳር 2014 ከኮሳቱ ተባሯል። በዛምቢያ የማኅበራት ኮንግረስ መሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ቺሉባ በ1991 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። በብራዚል ደግሞ የብረት ሠራተኞች መሪ የነበሩት ሉዊስ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫ በ1980 የሠራተኞች ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ በኋላ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት በቅተዋል። በእነዚህ አገሮች ማኅበራት ፓርቲ ሲያቋቁሙ፣ ከፓርቲ ጋር ሲጣመሩ ወይም መሪዎቻቸውን ለሥልጣን ሲያቀርቡ፣ የአሜሪካ ማኅበራት በአብዛኛው በነባር ፓርቲዎች ዕጩዎች መካከል እየመረጡ ድጋፍ ይሰጣሉ።